ደቻቱን በእግር ማወቅ፦ ለደረቅ ወንዝ መመሪያ አዘገጃጀት

የወንዝ መመሪያ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የቀዛፊዎች ነገር ነው። ካያክ ወይም ራፍት ይዘው ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት ያዘጋጃሉ። ከየት ይገባል? የት ይወጣል? ወንዙ በኪሎ ሜትር ስንት ሜትር ይወርዳል? አስቸጋሪው ቋጥኝ በግራ ነው በቀኝ? ላይ ከዘነበ ውሃው ከስንት ሰዓት በኋላ ይሞላል? በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፈው ለኦሞ ወይም ለአባይ ነው። ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው የእኛ ወንዝ፣ በደቻቱ፣ ላይ በጀልባ እወርዳለሁ የሚል ካለ፣ አቦ፣ እሱን አላህ ይርዳው።

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ፍየል ይውልበታል። ቢሆንም የቀዛፊዎቹ አጻጻፍ ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ይጠቅመናል። እነሱ ወንዙን ፈልገው ይሄዳሉ። እኛ ጋ ግን ፈልጎ የሚመጣው ወንዙ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ሰው በተኛበት ደራሽ ጎርፍ ገብቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሺዎችን አፈናቀለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ደቻቱ ለማሳሳቅም ጊዜ የለውም።

ድልድዩ ላይ ቆሞ ደቻቱን ማወቅ አይቻልም። ከከዚራና ከመጋላ፣ ከከተማው ሁለት ሰፈሮች፣ መሃል የምናየው የወንዙን ጫፍ ብቻ ነው። ውሃው የሚሰበሰበው ከከተማው በስተደቡብ ባለው ደጋ፣ በሐረር መንገድ ላይ ባለችው ደንገጎ አካባቢ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ የእኛም መመሪያ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። አንድ ወረቀት፣ አንድ ስልክና ሁለት ባዶ ቀን ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር። ሌላ ወር አትሞክሩ። ድሬዳዋ ሁለት የዝናብ ወቅት አላት፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው በልግ፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ክረምት። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም። ከላይ ያለው ደጋ ግን ከዚህ ይበልጣል፣ ጎርፉም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፣ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። አንዱ ምክንያት ሙቀቱ ነው። ሌላው ደግሞ ከምሳ በኋላ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው አለማግኘታችሁ ነው። በርጫ (የጫት መቃሚያ) ሰዓት ላይ ለአሸዋ ብሎ የሚነሣ የድሬ ልጅ አላየሁም።

2. ተፋሰሱን ካርታ ላይ አውጡ

ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው፣ አትዝለሉት። ጉግል ኧርዝ በነፃ ይገኛል። ባለ 1:50,000 ቶፖ ካርታ (የመሬቱን ከፍታ በመስመር የሚያሳይ) ካገኛችሁ ደግሞ ይሻላል፤ በተለይ ትልቅ ወረቀት ላይ መሳል ለምትወዱ።

ከዚራንና መጋላን የሚያገናኘውን የደቻቱን ድልድይ ፈልጉ። ነጥብ አድርጉበት። ከዚያ አሸዋውን ተከትላችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ውጡ። በሳተላይት ፎቶ ላይ ሐመር ሆኖ ስለሚታይ አይጠፋችሁም። መንታ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ቁሙ። ሁለቱንም ቅርንጫፍ በእርሳስ ተከተሉ። እየወጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ይቀጥናል። መጨረሻ ላይ አንድ ጠባብ ስንጥቅ ሆኖ ከአንድ እርሻ ጥግ ይጠፋል። እሱም ደቻቱ ነው።

ቶፖ ካርታ ለያዘ ሰው አንድ ዘዴ አለ። ኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ወንዝ ሲያቋርጡ ሹል ሆነው ይታጠፋሉ። ሹሉ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ያመለክታል። ሸንተረር ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሹሉ ወደ ታች ነው። ይህን ከያዛችሁ መስመር የሌለበትን ትንሽ ጅረት ሁሉ ታገኛላችሁ።

አሁን ድንበሩን ሳሉ። ከድልድዩ ጀምሩና በአንዱ ወገን ወደ ከፍታው ውጡ። አናቱን ያዙ፣ ከአናት አናት ሂዱ። ደንገጎ ያለበትን ጠርዝ ዙሩና በሌላው ወገን ወደ ድልድዩ ተመለሱ። መስመሩ ወንዝ ካቋረጠ ተሳስታችኋል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚያጠራጥር ነጥብ ሲገጥማችሁ እንዲህ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እዚህ ላይ አንድ ሃይላንድ ውሃ ብደፋ ወዴት ይወርዳል? ወደ ደቻቱ ከሆነ ውስጥ ነው። እንደ ጎሮ ወዳለ ሌላ የአሸዋ ወንዝ ከሆነ ውጭ ነው።

የሳላችሁት ቅርጽ ውስጥ ያለው መሬት በሙሉ ተፋሰሱ ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ ቅርጹን ስትዘጉት ስፋቱን በካሬ ኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። ቁጥሩን ጻፉ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ደቡባዊው ድንበር ላይ ትንሽ ቆዩ። አንድ ዝናብ ሁለት ዕጣ የሚደርሰው እዚህ ነው። ከአናቱ ወደ ሰሜን የወረደው ውሃ ወደ ድሬ፣ ከዚያም ወደ ሽንሌ ሜዳ ይሄዳል። ወደ ደቡብ የወረደው ግማሹ መውጫ ወደሌለው የሐረማያ ጎድጓዳ ይገባል። ወደ ሐረር በኩል ያለው ደግሞ በኤረር ወንዝ አድርጎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ አፋር አቅጣጫ፣ አንዱ ሶማሌ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ባሕር አያዩም።

3. ቁልቁለቱን አስሉ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በመሃል ያለውን የወንዙን ርዝመት ከእነ ጥምዝምዙ ካርታው ላይ ለኩ። የከፍታውን ልዩነት በርዝመቱ አካፍሉ። ለምሳሌ ልዩነቱ 800 ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቢወጣ፣ ወንዙ በየኪሎ ሜትሩ 32 ሜትር ይወርዳል። በኪሎ ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ወንዝ ለጎበዝ ቀዛፊ እንኳ ቀልድ አይደለም።

አማካዩ ብቻ ግን ያታልላል። ርዝመቱን አራት አምስት ቦታ ቆራርጡና ለየብቻ አስሉት። ከላይ ገደል ነው፣ ከታች ወደ ከተማው ሲጠጋ ይለሰልሳል። ውሃው ፍጥነቱን ከላይ ይዞ ይመጣል፤ ድንጋዩንና አሸዋውን ግን ቁልቁለቱ ሲለሰልስ ይጥለዋል። ከተማችን የተቀመጠችው እንግዲህ ወንዙ ሸክሙን በሚያወርድበት ቦታ ላይ ነው። ወለሉ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው።

4. የምትይዙት

ድፍን ጫማ (አሸዋው ውስጥ ጠርሙስና ቆርቆሮ አለ)፣ ኮፍያ ወይም ሻሽ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሜትር፣ ሎሚ፣ ሚስማር፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በላብ ይጠፋል። ሎሚው ለጥማት አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ከከተማው ወጣ ስትሉ አብዛኛው ነዋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እርሻ ዳር ሽማግሌ ስታገኙ «ኦቦ» ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ምን እንደምትሠሩ ተናገሩ። ሰላምታ ሳያቀርብ ሜትር እየዘረጋ የሚያልፍን ሰው ማንም በጥሩ ዓይን አያየውም። መሬት ሊወስድ የመጣ ነው የሚመስለው።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ደንገጎ

የሐረር ሚኒባስ ያዙና ደንገጎ ላይ ውረዱ። ሰሜናዊውን ጠርዝ ፈልጉና ቁጭ ብላችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ካርታችሁን አውጡና ካያችሁት ጋር አስተያዩ።

ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ዛፍ ያለበትና የሌለበት ቦታ የት ነው? ሁለተኛ፣ እርከን ያለው እርሻ የት ነው? ጫትና ማሽላ የተተከለበት ደህና እርከን ውሃውን ያዘገየዋል፤ አፈሩ ተጠርጎ አለት የወጣበት ተዳፋት ግን የወረደበትን ሁሉ ይለቀዋል። ሦስተኛ፣ መንገዱ ራሱ ውሃውን ወዴት ይመልሰዋል? የአስፋልት ቦይ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ውሃ ሲያሻግር ታገኙ ይሆናል። ካርታ ላይ ይህ አይታይም።

በዚያው ስልክ የምትደውሉለት ሰው ያዙ። ይህን ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ድሬ ላይ ፀሐይ እየነደደች ደንገጎ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ከተማ ላይ ያለ ሰማይ ስለ ደቻቱ ምንም አይነግራችሁም። ላይ ያለ አንድ ባለሱቅ ስልክ ቁጥር ከየትኛውም የስልክ አፕሊኬሽን ይበልጣል። እሱ ካልተገኘ ከሐረር የሚገባውን የሚኒባስ ረዳት ጠይቁት፦ «ላይ ዘንቧል እንዴ?» የመስኮቱ መጥረጊያ ሲሠራ መጥቶ ከሆነ መልሱን መኪናውን አይታችሁም ታውቁታላችሁ።

6. ሁለተኛው ቀን፦ አሸዋው ላይ

ከከተማው በስተደቡብ ጀምራችሁ ወደ ከተማው ውረዱ። መጀመሪያ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ። የወንዝ ግራና ቀኝ የሚባለው ፊትን ውሃው ወደሚሄድበት አዙሮ ነው። ወደ ላይ እየሄዳችሁ ብትሆኑም አይቀየርም። በዚህ አቆጣጠር ከዚራ በደቻቱ ግራ ነው፣ መጋላ በቀኝ ነው፣ የቀፊራ ገበያም በቀኝ ነው። በአደጋ ጊዜ «በግራ ውጡ!» ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ግራ ማወቅ አለበት።

ከዚያ ዓይናችሁን ፌስታል ላይ አድርጉ። ግራሩ ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ፣ የግንቡ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ከየትኛውም መሣሪያ በላይ የጎርፉን ቁመት ይናገራል። ግን ሁሉም ፌስታል እኩል ምስክር አይደለም። ነፋስ ያመጣው ከጫፍ ቅርንጫፍ ላይ ላላ ብሎ ይንቀለቀላል። ጎርፍ ያመጣው ውሃው በመጣበት በኩል፣ ማለትም በደቡብ በኩል፣ ግንዱን ታቅፎ ይገኛል። ውስጡ የማሽላ አገዳ፣ ሣርና የደረቀ ጭቃ ተጠቅጥቆበታል። ስትነኩት ይፈረፈራል። እሱን ነው የምትለኩት። ከአሸዋው እስከ ፌስታሉ በሜትር ለኩ፣ ቦታውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ። በየሁለትና ሦስት መቶ ሜትሩ አንዳንድ ካገኛችሁ የመጨረሻውን ትልቅ ጎርፍ ከፍታ ዳር ለዳር አወጣችሁት ማለት ነው። ቁመቱ ከእናንተ ቁመት በላይ የሆነበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉ። እንደዚህ ያለ ቦታ አይጠፋም።

ቀጥሎ ድንጋይ። ጠጠር የበዛበት ቦታ ላይ ቁጢጥ በሉ። ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ተኝተዋል። የታችኛው ጫፋቸው ውሃው ወደመጣበት ጠልቋል፤ የላይኛው ወደሄደበት አዘንብሏል። ውሃ ሳይኖር የውሃውን አቅጣጫ የምታነቡት ከዚህ ነው። መታጠፊያ ላይ ይህ በጣም ይጠቅማል። ውሃው ዋናውን መንገድ ትቶ በሌላ በኩል፣ ለምሳሌ በቤቶቹ ጓሮ በኩል፣ አቋርጦ ያውቅ እንደሆነ ድንጋዮቹ ያሳብቃሉ።

የትልቁን ድንጋይም መጠን መዝግቡ። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አሸዋው መሃል ብቻውን ተቀምጦ ካያችሁ ማንም ተሸክሞ አላመጣውም።

አሁን ሎሚው። ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ድንጋይ አንሡ። በሚስማር ፋቁትና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ። ጆሮና ዓይን አስጠጉ። ቀስ ብሎ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ያለው ጠንካራው ግራናይት ነው፤ ከከበደና ከጠቆረ ባዛልት ሊሆን ይችላል። እጃችሁ ላይ አሸዋ የሚያራግፈው ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ነው። እነዚህ ሁሉ ከላይ ተነሥተው የመጡ ናቸው። ካርታችሁ ላይ ከየትኛው ገባር እንደመጡ ለማወቅ ገባሩ ከሚገባበት በላይና በታች እያነሣችሁ አወዳድሩ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም የዚሁ የኖራ ድንጋይ ውጤት ነው። ዝናቡ ድንጋዩን እያሟሟ ወደ ከርሠ ምድር ይሰርጋል፣ ከሳቢያን ጉድጓዶች ተስቦ በቧንቧ ቤታችን ይገባል።

ለነገሩ ደቻቱ ደረቅ ነው የምንለው ላዩን አይተን ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጉና በእጃችሁ እስከ ክርን ቆፍሩ። የአሸዋው ቀለም ጠቆር ሲል፣ ጣታችሁን ቀዝቀዝ ሲለው እርጥበቱን አገኛችሁት። አሸዋ ሲጠግብ ከይዘቱ ሲሶ ገደማ ውሃ መያዝ ይችላል። ጥልቀቱን ለኩና ጻፉ፤ ኅዳርና ጥር ላይ የለካችሁትን ስታወዳድሩ ወንዙ ከሥር ምን ያህል እንደወረደ ታያላችሁ። ከተማው ውስጥ ያገኛችሁትን ውሃ ግን እንዳትጠጡ፤ የፍሳሹ ብዛት የታወቀ ነው። አሸዋ የሚጫንባቸው ጉድጓዶች ጠርዝ ላይም አትቁሙ፣ ይናዳሉ።

መንገዳችሁን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር በስተደቡብ ካደረጋችሁ ከወንዙ ወለል 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ቄስና ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርዳንና የአገሩ ልጅ ጀብደኛው አንሪ ደ ሞንፍሬ ያገኙት ነው። በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የኖሩ ሰዎች መሣሪያና ቀይ የማቅለሚያ አፈር ተገኝቶበታል። ለመግባት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለእኛ መመሪያ የሚጠቅመው ከፍታው ነው። ሰዎቹ ውሃው አጠገብ ኖሩ፤ ያደሩት ግን ከአሸዋው ብዙ ከፍ ብለው ነው።

7. መውጫዎቹን መዝግቡ

ቀዛፊ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ከየት እወጣለሁ ብሎ ነው። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በከተማው ውስጥ የመከላከያ ግንብና ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ተሠርቷል። ግንቡ ቤቶቹን ይጠብቃል። ውስጥ ላለ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ደራሽ ሲመጣ ግድግዳ ላይ መውጣት አለበት።

ስለዚህ እየሄዳችሁ በየመቶ እርምጃው ቆም በሉና «አሁን ቢመጣ በየት እወጣለሁ?» በሉ። ደረጃ፣ የፈረሰ ግንብ፣ የመኪና መውረጃ፣ ዝቅ ያለ ዳር፤ ሁሉንም ግራ ወይም ቀኝ እያላችሁ ጻፉ። አሮጊት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው ሊወጣበት የማይችል ከሆነ መውጫ ብላችሁ አትቁጠሩት። ሁለት መቶ እርምጃ ሄዳችሁ መውጫ ካላገኛችሁ ያንን ክፍል በቀይ አስምሩ። እዚያ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ካለ ንገሩት። ይቆጣችሁ ይሆናል፣ ግን ንገሩት።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ደንገጎ በኩል የጠቆረ ሰማይ፣ ፀሐይ እያለ የሚመጣ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ከላይ የሚሰማ የማያቋርጥ ጉርምርምታ፣ ወደ ዳር የሚሮጥ ከብት። በአሸዋው ላይ ቀጭን ቡናማ ውሃ ቆሻሻ እየገፋ ሲመጣ ካያችሁ ጊዜው አልቋል። ዕቃ አይነሣም፣ ስልክ አይወጣም፣ ፎቶ አይነሣም። ሽሽቱ ወደ ጎን ነው እንጂ ወደ ታች አይደለም። ወደ ታች ሮጦ ውሃን የቀደመ የለም።

ባጃጅና መኪና ያላችሁም ስሙ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ቡናማ ስለሆነ ደግሞ ከሥሩ አሸዋ ይሁን ጉድጓድ አይታወቅም። ድልድይ እያለ በአሸዋው ማቋረጥ የአምስት ደቂቃ ስስት ነው።

8. ውሃ ሲመጣ መለካት

ይህ ለክረምት ነው። ከዳር፣ ከከፍታ ላይ ብቻ ይሠራል። ውሃው ወደ ድልድዩ ወለል ከተጠጋ ድልድዩ ላይም አትቁሙ።

በደረቁ ወቅት የወንዙን ስፋት ቀድማችሁ ለኩ። ዳር ላይ በግልጽ የሚታዩ ሁለት ነገሮች ምረጡ፣ ለምሳሌ ምሰሶና ዛፍ። በመሃላቸው ያለውን ርቀት ቀድማችሁ ለኩ፣ 30 ሜትር ነው እንበል። ጎርፉ ሲወርድ አንድ እንጨት የመጀመሪያውን ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ አቁሙ። በ8 ሰከንድ ካለፈ የላዩ ፍጥነት በሰከንድ 3.75 ሜትር ነው። ከሥር ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት። በግምት 3.2 ይመጣል።

ከዚያ ስፋትን በአማካይ ጥልቀት፣ ያንን ደግሞ በፍጥነት ማባዛት ነው። 50 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 3.2 ሜትር ፍጥነት፤ በሰከንድ 160 ሜትር ኩብ። አንድ ሲኖ ገልባጭ መኪና 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል በየሰከንዱ አሥር ሲኖ ሙሉ ውሃ አለፈ ማለት ነው። አንዱ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ይመዝናል።

ቅድም ያስቀመጣችሁት የተፋሰስ ስፋት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ግማሹ ሰርጎ ግማሹ ቢወርድ፣ በሰከንድ 160 ሜትር ኩብ ሆኖ ለማለፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በ100 ቦታ የእናንተን ቁጥር ተኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ግን ጊዜው ነው። ደንገጎ ያለው ሰው «ዘነበ» ብሎ የደወለበትን ሰዓት ጻፉ። ውሃው ድልድዩ ጋ የደረሰበትን ሰዓት ጻፉ። ልዩነቱን ከሥሩ አስፍሩ። አንድ ጊዜ የለካችሁትን ሕግ አታድርጉት፤ መሬቱ ቀድሞ ከረጠበ ውሃው ይፈጥናል። ክረምቱን ሙሉ ከመዘገባችሁ በኋላ የምትይዙት አጭሩን ነው። አማካዩን አይደለም።

9. ከከተማው በታች

እዚህ ብዙ የሚጻፍ የለም። ከተማውን ካለፈ በኋላ ወንዙ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይዘረጋል፣ ይሰነጣጠቃል፣ አሸዋው ይጠጣዋል። በካርታ አከፋፈል የአዋሽ ተፋሰስ አካል ነው። አዋሽ ድረስ ግን ጉልበት አይኖረውም። ቀዛፊ ቢሆን «መውጫ፦ የለም» ብሎ ይጽፍ ነበር።

10. ወረቀቱን አዘጋጁ

ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አውርዱት። ከአንድ ገጽ ከበለጠ ማንም አያነበውም። ላይኛው ግማሽ ላይ የተፋሰሱ ንድፍ ይሁን፣ ድልድዩ ከታች፣ ደንገጎ ከላይ። ታችኛው ግማሽ ላይ ወንዙን ቀጥ ያለ መስመር አድርጋችሁ ሳሉት። በግራው የግራውን መውጫዎች፣ በቀኙ የቀኙን አስቀምጡ። ቀይ ክፍሎቹን አድምቁ። የፌስታሉን ቁመት ከየቦታው አጠገብ ጻፉ። ጥግ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይኑር፦ በኪሎ ሜትር የሚወርደው ሜትር፣ ከዝናብ እስከ ድልድይ ያለው አጭሩ ሰዓት፣ ደንገጎ ያለው ሰው ስልክ (ፈቃዱን ጠይቃችሁ)። ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ቢሆን ለድሬ ይበቃል።

ኮፒ አድርጉና አሸዋው ዳር ላሉ ሱቆች፣ ለባጃጅ ተራና ለአሸዋ ጫኞች ስጡ። ኦርጅናሉን ግን አታስጠርዙት። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ አሸዋው ቦታ ይቀይራል፣ ዝቅ ያለው ዳር ገደል ይሆናል፣ ትናንት መውጫ የነበረው ይዘጋል። ኅዳር ሲገባ እርሳሱን ይዛችሁ ከላይ ጀምሩ፣ የተቀየረውን ሰርዙ፣ ቀኑን ከጥግ ጻፉ፣ አዲሱን ኮፒ ወስዳችሁ አሮጌውን ከሱቆቹ ሰብስቡ።